የሰባተኛ «ለ» መተዳደሪያ ደንብ

በአገራችን የመማሪያ ክፍሎች ግድግዳ ላይ ከማባዣ ሠንጠረዥና ከሰው አካል ሥዕል ቀጥሎ የማይጠፋ ጽሑፍ ቢኖር «የክፍል ደንብ» ነው። ማርፈድ ክልክል ነው። ማውራት ክልክል ነው። ማስቲካ ማኘክ ክልክል ነው። ያለ ፈቃድ ከቦታ መነሳት ክልክል ነው። ማን እንዳወጣው አይታወቅም። ብዙውን ጊዜ የእጅ ጽሑፉ ያማረ አንድ መምህር በአንድ ዘመን በማርከር ጽፎት ይዛወራል፤ ደንቡ ግን አይዛወርም፤ የፕላስተሩ ጫፍ እየተላጠ እዚያው ያረጃል። እኔ ባስተማርኩበት በአንዱ ክፍል ጸሐፊው «ክልክል» የሚለውን ቃል አጥብቆ ለማስጠንቀቅ በቀይ፣ ሌላውን በጥቁር ጽፎት ኖሮ፣ ፀሐይዋ ቀዩን ብቻ ለይታ አጥፍታው ነበር። የቀረው «ማርፈድ ነው፣ ማውራት ነው፣ ማስቲካ ማኘክ ነው» የሚል ነው። እስከ ዛሬ ካየኋቸው የክፍል ደንቦች ሁሉ ለእውነቱ የቀረበው እሱ ነው።

ደንቡን የሚያስፈጽመው የክፍል አለቃው ነው። መምህሩ ለአፍታ ወደ ቢሮ ብቅ ሲል አለቃው ከደብተሩ መሃል ወረቀት ይገነጥልና አናቱ ላይ «የረባሾች ስም ዝርዝር» ብሎ ሁለቴ ያሰምርበታል። ከዚያ ሰሌዳው ፊት ቆሞ «ዝም በሉ!» እያለ ከክፍሉ ሁሉ በላይ ይጮኻል። ስሙ የተጻፈ ልጅ ትንፍሽ ባለ ቁጥር ከስሙ ጎን አንድ ኤክስ ይታከልበታል፤ «ለምን ጻፍከኝ?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ኤክስ ያስጨምራል። ይግባኝ የለም ማለት ግን አይደለም። ግማሽ ሳምቡሳ ሁለት ኤክስ ያስፍቃል። የሒሳብ የቤት ሥራ ማስኮረጅ ስምን ከነኤክሱ ያስወጣል። ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው ጢሙ ማቆጥቆጥ የጀመረ ጎረምሳ ደግሞ ክፍሉን ቢያፈርሰውም አይጻፍም፤ አለቃው ወደ ቤቱ የሚሄደው በእሱ ሰፈር በኩል ነዋ!

እኔ በተማርኩበት ዘመን ዝርዝሩ ሲነበብ ፍርዱም አብሮ ይነበብ ነበር። ለአንድ ኤክስ ኩርኩም፣ ለሁለት ቁንጥጫ፣ ከዚያ በላይ ለሆነ እንብርክክ። ምስክር አይሰማም። ወላጅም ከመምህሩ ጎን ነው፤ ልጁን እጁን ይዞ የሚያስመዘግብ አባት «ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ እንጂ ሌላው የእርስዎ ነው» ብሎ አስረክቦ ይሄዳል። ስለ ጆሮ የተከራከረ ወላጅ አላስታውስም።

በሕግ በኩል ይህ ነገር ካበቃለት ቆይቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ዱላው ግን አንቀጹን ያነበበው ቀስ እያለ ነው። በመጀመሪያ አለንጋው ጠፋ፤ ቀጥሎ የጎማው ቁራጭ መሳቢያ ውስጥ ገባ፤ አርጩሜው በበኩሉ ከሥራ ላለመሰናበት «የሰሌዳ መጠቆሚያ» የሚል አዲስ መደብ ይዞ ቀረ። ዱላው ሲሄድ በቦታው ምን እንደሚተካ ግን የነገረን አልነበረም። የኤክሱ ዝርዝር እንደ ድሮው ይመጣል፤ መምህሩ ተቀብሎ ያነበዋል፤ ከዚያ ዝርዝሩንም ልጆቹንም ያያል፤ ከዚያ «ሁለተኛ እንዳይለመዳችሁ» ይላል። ለምዷቸዋል።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው በክረምቱ ስብሰባ ላይ «የክፍል ደንብ ከተማሪው ጋር በስምምነት ይውጣ» የሚል ሐሳብ የመጣው። ሻይ ይዘን ተወያየንበት። የሒሳብ መምህሩ «ልጅ ያቦካው ለራት አይሆንም» አሉና ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። የስፖርት መምህሩ ነገሩን ሊያስታርቁ ፈልገው «ችግር የለውም፣ ይስማሙና እኛ የምንላቸውን ይጻፉ» አሉ። አብዛኞቻችን ስምምነትን ስናውቀው የኖርነው በዚህ መልኩ ስለሆነ ብዙ ራስ ተነቀነቀ። እኔ የሰባተኛ «ለ» ሆምሩም ነኝ፤ ከ60 በላይ ልጆች በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው፣ መስኮቱ አጠገብ አራት ሆነው የሚቀመጡበት ክፍል ነው። በመስከረም መጨረሻ በቡድን ከፋፈልኳቸውና ረቂቅ አምጡ አልኳቸው።

ረቂቆቹ መጡ። አብዛኞቹ ግድግዳው ላይ ካለው የተገለበጡ ነበሩ፤ ልጆቹ ነፃነት ተሰጥቷቸው በራሳቸው ላይ ያንኑ «ክልክል ነው» መልሰው ጻፉት። የአንደኛው ቡድን ረቂቅ ግን ስምንት ገጽ ነበር። ላነብ ጀመርኩ። «አንቀጽ 1፦ ስያሜ። ይህ ማኅበር የሰባተኛ ለ ተማሪዎች መረዳጃ ማኅበር ተብሎ ይጠራል። አንቀጽ 2፦ አባልነት። ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው፣ በአካባቢው ነዋሪ የሆነና አእምሮው ጤናማ የሆነ ማንኛውም ሰው አባል መሆን ይችላል።» በክፍሉ ውስጥ 18 ዓመት የሞላኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ ስለ አእምሮው ጤንነት ሰኔ ላይ እንነጋገራለን።

የቡድኑ ጸሐፊ አባት የሰፈራቸው እድር ጸሐፊ ናቸው። ልጁ የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ ቁጭ ብሎ ገልብጦ፣ «ቀብር» የሚለውን በሙሉ «ሰልፍ» በሚል ተክቶታል፤ የጠዋቱን የባንዲራ ሰልፍ ማለቱ ነው። «ያለ በቂ ምክንያት ከሰልፍ የቀረ አባል 20 ብር ይቀጣል።» መልካም። «የሰልፍ ጥሪ ጥሩምባ ተነፍቶ ሲነገር ሁሉም አባል ይወጣል።» ይሁን። ከዚህ ቀጥሎ ግን መለወጥ የዘነጋት አንዲት ሐረግ ነበረች፦ «ሰልፍ ላይ ተገኝቶ አፈር እስኪለብስ ያልቆየ አባል የቅጣቱን ግማሽ ይከፍላል።» ርዕሰ መምህሯ በማይክ ንግግር ሲያረዝሙ ተማሪው ምን እንደሚሰማው በዚህ ልክ የገለጸ ጽሑፍ አንብቤ አላውቅም።

ክፍሉ ሲስቅ ልጁ አፈረ። ነገር ግን ገጹን ገልጬ ስቀጥል፣ ከረቂቆቹ ሁሉ ሕግ የሚባለውን ነገር የያዘው ይኸው የእድሩ ሆኖ አገኘሁት። ተከሳሽ ቀርቦ እንዲናገር ይፈቅዳል። ማስጠንቀቂያ ከቅጣት ይቀድማል። ቅጣቱ ልክ አለው፤ አቅም ላነሰው በሁለት ጊዜ እንዲከፍል ያደርጋል። ሰብሳቢው የሚሠራበት ጊዜ ተወስኗል። ሰብሳቢው ራሱ ከቀረ ደግሞ ይህኛው እድር እጥፍ ያስከፍለዋል። ደንቡን ያወጡት ለዓመታት ድንኳን ሲተክሉና ስለ ድንኳኑ ሲጣሉ የኖሩ ጎረቤታሞች ናቸውና እያንዳንዱ አንቀጽ ከአንድ እውነተኛ ጠብ የተወለደ መሆኑ ያስታውቃል። ይህን ለክፍሉ ስነግር የስምንት ገጹ ባለቤት አንገቱን ቀና አደረገ። በዚያኑ ሳምንት አባትየው ትምህርት ቤት መጡ፤ ለካ ልጁ ወስዶት የነበረው ማኅተም ያለበት ዋናው ቅጂ ኖሮ፣ እድሩ እሁድ ተሰብስቦ ደንቡ ታጥቷል። ቢሆንም ሥራቸው ምን ላይ እንደዋለ ሲሰሙ ደስ ብሏቸው፣ «ስለ ንብረት የሚለው አንቀጽ ደካማ ነው፣ እሱን እንዳትወስዱት» ብለው መክረውን ሄዱ።

ከዚያ ወደ ቅጣቱ ገባን፤ እዚህ ላይ ነው ያላሰብኩት ነገር የገጠመኝ። እኔ የጠበቅኩት ልጆቹ ለራሳቸው እንዲያዳሉ ነው። ያረፈደ ሳምንት ሙሉ ክፍል ይጥረግ፣ አለ አንዱ። ሁለተኛ ካረፈደ ሽንት ቤት ይጠብ፣ አለች ሌላዋ። የኮረጀ ስሙ በሚኒ ሚዲያ ይነገር። አጤሬራ የተያዘበት ይባረር። የፎረፈ ይባረር። ደብተር ያልያዘ ይባረር። አንድ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የክፍሉ ግማሽ ተባሮ ነበር፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ ያጨበጭባል። ከፊት የሚቀመጥ አንድ ትንሽዬ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ በጎማ ይገረፍ» አለ።

ሕገ መንግሥቱን ጠቀስኩለት። ጥቂት አሰበና «ቲቸር፣ ሁላችንም ከተስማማንስ?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ በወጉ ለመመለስ የሕግ ምሩቅ ያስፈልጋል። እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ። «ብትስማሙም አይሆንም» አልኩት፤ ከዚያ በላይ ያለውን ማብራሪያ ለዜግነት ትምህርት መምህሯ ትቼላቸዋለሁ። ኋላ የስም መቆጣጠሪያውን ሳገላብጥ፣ በማርፈድ ከክፍሉ አንደኛ የሆነው ይኸው ልጅ ነው።

ልጆች በቅጣት ላይ መጨከናቸውን ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ስለ ልጆች የግብረ ገብ ፍርድ በሚናገር መጽሐፉ ጽፎታል። ሰውየው ብይ ከሚጫወቱ ልጆች ዘንድ ሄዶ፣ ጨዋታውን የማያውቅ መስሎ፣ «ሕጉ ምንድን ነው? ማን አወጣው? መለወጥስ ይቻላል?» እያለ ይጠይቃቸው ነበር። ትናንሾቹ ሕጉ ከጥንት የመጣ ነው፣ አይነካም ይላሉ፤ እያንዳንዳቸው ግን እንደየፍጥርጥራቸው ይጫወታሉ። ለአሥራዎቹ ዓመታት የተጠጉት «ሁላችን ከተስማማን ይለወጣል» ይላሉ፤ የሚገርመው፣ ሕጉን የበለጠ የሚያከብሩትም እነሱ ናቸው። ቅጣትን በተመለከተም ትናንሾቹ የሚመርጡት ከሁሉ የከበደውን ነው።

እውነቱን ለመናገር ፒያዤ ያየውን ለማየት እኛ ሰፈር ሜዳ ዳር መቆም ይበቃል። በሩ ሁለት ድንጋይ ነው፤ አግዳሚ የለውም፤ ስለዚህ የበሩ ቁመት በረኛው ዘሎ እጁ እስከደረሰበት ነው። አጭር በረኛ ያለው ቡድን ተጠቃሚ ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያማርርም። ሦስት ኮርነር አንድ ሪጎሬ ነው። ኳሷን አጥር ያሻገረ ራሱ ያመጣታል፤ አጥሩ ውስጥ ውሻ ካለም ያው ነው። የኳሷ ባለቤት ምንም ቢዳክር ከቡድን አይቀነስም፤ እናቱ ከጠሩት ጨዋታው አለቀ። ጎል ነው አይደለም የሚል ክርክር ሲነሳ አሥር ደቂቃ ይጮኹና «ይደገም» ይባላል፤ ይደገማል። ዳኛ የለም፣ አለቃ የለም፣ ኤክስ የሚጽፍ የለም። በማግስቱ ክፍል ገብተው «ሥርዓት የማያውቁ» የሚባሉት እነዚሁ ልጆች ናቸው።

ወደ ቅጣታችን ልመለስ። ነገሩን ለማብረድ ብዬ ስለ ያኑሽ ኮርቻክ ነገርኳቸው። ፖላንዳዊ ሐኪምና ጸሐፊ ነው፤ ዋርሶ ውስጥ በሚመራው የአይሁድ ልጆች ማሳደጊያ ልጆች ራሳቸው ዳኛ ሆነው የሚቀመጡበት ፍርድ ቤት አቋቁሞ ነበር። የፍርድ ቤቱ ሕግ ቁጥሩ እስከ 1000 ይደርሳል። 1000ኛው ከማሳደጊያው መባረር ነው። ከ1 እስከ 99 ያሉት ግን በሙሉ ወይ ክሱን መተው ወይ ይቅር ማለት ናቸው። ክፍሉ በዚህ ብዙም አልተደነቀም፤ ሁሉም የጠየቀኝ የ1000ኛውን ዝርዝር ነው። ቀጥሎ ግን ኮርቻክ በግማሽ ዓመት ውስጥ ራሱን አምስት ጊዜ በልጆቹ ፍርድ ቤት እንደከሰሰ፣ አንዱ ክስ የልጅ ጆሮ በመምታቱ፣ ሌላው ዳኛ በመስደቡ እንደነበር ስነግራቸው ክፍሉ ፀጥ አለ። በዚያ ዓመት እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን ሳታወጣ «ቲቸር፣ ስለዚህ እኛም ስለ እናንተ መጻፍ እንችላለን?» አለች።

እንግዲህ ሥራው የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ ማሟሻ ነበር ማለት ይቻላል።

የፈተና ወረቀት በውጤት ቅደም ተከተል እየተጠራ አይመለስ፣ አሉ። እውነት ነው፤ ገና ሃያ ወረቀት ሲቀር የሃያዎቹ ልጆች ፊት ይለወጣል፤ መጨረሻ የሚጠራው ወረቀቱን ሳይቀበል ውጤቱን ያውቃል፤ ክፍሉም አብሮት ያውቃል። በአንድ ልጅ ጥፋት ክፍሉ በሙሉ አይቀጣ፣ አሉ። ተማሪ ልኮ ሻይና የሞባይል ካርድ ማስገዛት ይቅር፣ አሉ፤ በዚህ ላይ ግን ተከፋፈሉ፤ ይላኩ የነበሩት ልጆች አጥብቀው ተቃወሙ። «ዓምና ያስተማርኳቸው ከእናንተ በብዙ ይሻሉ ነበር» አይባል፣ አሉ። የዓምናዎቹን ጠይቀው ኖሮ ለእነሱም የተነገራቸው ያው ነው።

ከዚያ የስም ነገር መጣ። «አንተ ረጅሙ፣ አንቺ ቀይዋ፣ መስኮቱ ጋ ያለኸው» ይቅርና ስማችን ይጠራ አሉ። በዚህ ላይ ተከራከርኩ። የማስተምራቸው ክፍሎች ብዙ ናቸው፤ በየክፍሉ ከ60 በላይ ልጅ አለ፤ ይህን ሁሉ ስም የሚይዝ ጭንቅላት ከየት ይመጣል? ከመሃል አንዱ «ቲቸር የአርሰናልን ተጫዋቾች ከነተቀያሪዎቹ ያውቁ የለ?» አለ። አንቀጹ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

የስልኩም ጉዳይ ቀላል አልነበረም። መምህሩም ተማሪውም ክፍል ውስጥ ስልክ አያነሱም ሲባል «ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ቢደወልስ?» አልኩ። «እናቴ ብትደውልልኝስ?» አለችኝ ያችው ከኋላ የምትቀመጠው ልጅ። የወረዳው ጉዳይና የእናትየው ጉዳይ በሚዛን ተቀምጦ ታየ፤ እናትየው በዙ። በመጨረሻ ቤተሰቡ የታመመበት ማንኛውም ሰው፣ መምህርም ይሁን ተማሪ፣ አስቀድሞ አስታውቆ ስልኩን ይዞ ይወጣል ተባለ። ለወረዳው ከትምህርት በኋላ መልሼ እንድደውል ተወሰነ።

ሰባተኛው አንቀጽ አንድ መስመር ነው፦ «ደወል ሲደወል መምህሩ ይወጣል።»

ትንሽ ነገር ትመስላለች። የእኛ ትምህርት ቤት ደወል በዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ ዘበኛው በብረት ሲመታው ሦስት ሰፈር ድረስ ይሰማል። መምህር ግን አይሰማውም። ጠመኔውን እንደያዘ ወደ ሰሌዳው ዞሮ «ይቺን ብቻ ልጨርስ» ይላል። ይቺ ሰባት ስምንት ደቂቃ ናት። ዕረፍቱ በሙሉ 15 ደቂቃ ነው። የሌላ ክፍል ልጆች ቀድመው ወጥተው የሽንት ቤቱን ሰልፍ ይዘዋል፤ የውኃው ቧንቧ አንድ ነው፤ ከአጥሩ ሥር የምትሸጠው ሴትዮ ሳምቡሳ ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አያልፍም። ልጁ ሽንት ቤት ሲደርስ የመግቢያው ደወል ይደወላል። አሁን ምርጫ አለው፤ ወይ እየሮጠ ይመለሳል፣ ወይ አርፍዶ ይገባል። የትኛውን እንደሚመርጥ ግን በፍላጎቱ የሚወሰን አይደለም። አርፍዶ ሲገባ ደግሞ ቀጣዩ መምህር ማርፈድን በሚከለክለው አንቀጽ 1 ይይዘዋል። የእድሩ ጸሐፊ ልጅ ይህን በሰሌዳ ላይ በቀስት ሠርቶ አሳየን፦ በአንቀጽ 1 የሚቀጣው አርፋጅ የሚመረተው በአንቀጽ 7 ነው።

በነገራችን ላይ በሕይወቴ ደወል የሚያከብር አንድ መምህር ብቻ ነው ያየሁት፤ እሱም ፕላዝማ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የሳተላይት ትምህርት። በሰዓቱ ይገባል፣ በሰዓቱ ይወጣል። አይማታም፣ አይሳደብም፣ ሻይ አይልክም፣ «አንተ ረጅሙ» አይልም። ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ፣ ማንም ሳይመልስ «ቬሪ ጉድ» ብሎ ይቀጥላል። ደንቡን ሁሉ ያከበረ፣ ከማንም ጋር ያልተስማማ መምህር ነበር።

ደንቡ 14 አንቀጽ ሆኖ ተጠናቀቀ። ቅጣቶቹ በእድሩ ልክ ተቀነሱ፤ ማባረር ወጣ፤ ማስጠንቀቂያ ገባ፤ የገንዘብ ቅጣት እኔ እንዲቀር አድርጌያለሁ፣ ሃያ ብሩን የሚከፍለው ልጁ ሳይሆን እናቱ ነችና። «የረባሾች ስም ዝርዝር»ም ቀረ፤ በምትኩ አለቃነት በየሁለት ሳምንቱ በተራ ሆነ። የኋላ ወንበሩ ጎረምሳ ተራው ደርሶ አለቃ ሲሆን ሁለት ሳምንት ሙሉ ክፍሉ ረጭ አለ። ከሥልጣን ሲወርድ «ቲቸር፣ እነዚህ ልጆች እንዴት ያስቸግራሉ!» አለኝ፤ ከልቡ ነው።

ፊርማ ማሰባሰቡ የባሰ ነበር። ሰባተኛ «ለ» የሚያስተምሩት መምህራን ሁሉ መፈረም አለባቸው ተብሏል። የሒሳብ መምህሩ አንቀጽ 7 ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «በዚህ ዓይነት ደመወዛችንንም ይወስኑልና!» አሉ። ይወስኑልን ቢባል ከአሁኑ የተሻለ ይሆን ነበር ያለም አልጠፋ። የስፖርት መምህሩ ወዲያው ፈረሙ፤ የሳቸው ክፍለ ጊዜ ሜዳ ላይ ስለሆነ ልጆቹ ደወል ቢደወልም አንወጣም ነው የሚሉት። ርዕሰ መምህሯ አንብበው ጨርሰው «የሰልፍ ላይ ንግግር ስለሚያረዝሙ ሰዎች ምንም አልተጻፈም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹ ፈርተው እንደተዉት አልነገርኳቸውም። «በሚቀጥለው ማሻሻያ ይገባል» አልኳቸው፤ ስቀው ፈረሙ፤ ንግግራቸው ግን አላጠረም። የሒሳብ መምህሩም ሦስት ቀን አኩርፈው በመጨረሻ ፈረሙ፤ ከፊርማቸው ሥር በቅንፍ «በተቻለ መጠን» የሚል አስገቡ። ልጆቹ እነሱም «በተቻለ መጠን» ብለው እንዲፈርሙ ይፈቀድልን ሲሉ ቅንፉ ተሰረዘ።

ታዲያ ክፍሉ ዝም አለ ወይ ለሚለኝ፣ አላለም። ስድሳ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በአንድ ክፍል ተጠቅጥቆ ዝም የሚለው ሲታመም ነው። እንዲያውም አንዳንድ ቀን ደንቡ ራሱ የጫጫታ ምክንያት ይሆናል፤ ቅኔ እያስረዳሁ እያለ «ቲቸር፣ በአንቀጽ 4 መሠረት» የሚል ጠበቃ ከመሃል ይነሳል፤ ሌላው ደግሞ «ንዑስ አንቀጹን አላነበብከውም» ይለዋል፤ ሰምና ወርቁ እዚያው ይቀራል። እቤታቸው ድረስም ገብቷል፤ አንዲት እናት «ልጄ እራት ላይ ሽሮ በስምምነት ነው ወይ የተሠራው አለኝ» ብለው ሊከሱኝ መጥተው ነበር። የተለወጠው ሌላ ነው። ድሮ የተቆጣሁት ልጅ ኩርፊያውን ይዞ ይቀመጥ ነበር፤ አሁን የትኛውን አንቀጽ እንደጣሰ ይጠይቀኛል፤ ካሳየሁት ይቀበላል፤ ካጣሁለት ቁጣዬን አነሳለሁ። ከሁለት ቀን አንዱን አጣለሁ።

የሌሎቹ ክፍሎች ደንብም «በስምምነት» ወጥቷል፤ ግድግዳው ላይ አይቼዋለሁ። በኮምፒዩተር የተጻፈ፣ በላሚኔሽን የተለበጠ፣ ለሁሉም ክፍል አንድ ዓይነት ነው። ሥሩ «እኛ ተማሪዎች ተስማምተናል» ይላል። ስለ መምህር አንድም መስመር የለውም። ይህን ዓይነቱን ከመለጠፍ ያንን ፀሐይ የበላውን መተው ይሻል ነበር፤ እሱ ቢያንስ ማንም ተስማምቷል ብሎ አልዋሸም።

የሰባተኛ «ለ» ደንብ ግን ይኸው በልጅ እጅ ተጽፎ፣ በጥቁር ብቻ፣ ከሰሌዳው በስተቀኝ ተሰቅሏል። ከ14ቱ አንቀጾች እስካሁን በብዛት የተጣሰው ማርፈድን የሚከለክለው አይደለም፤ ሰባተኛው ነው። የጣሱትም ሰዎች ፊርማቸው ከሥሩ አለ። የሥራ ባልደረቦቼ፣ እባካችሁ ደወል ሲደወል ውጡ። ያቺ የቀረች ምሳሌ ነገም ትሠራለች፤ ሳምቡሳው ግን ያልቃል።